ዝምታ ቁጥር ዐሥራ አንድ

ወንድይራድ የሞተው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በረዶ በጣለበት ቀን። ሬሳውን ያገኙት የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ዘቢደር ሲሆኑ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያሰሙት ጩኸት ከኮተቤ በላይ ዳገቱ ላይ ያሉትን ውሾች በሙሉ አስነሣ። ኢንስፔክተር አስካለች ስትደርስ ውሾቹ ገና ጸጥ አላሉም። እሷም ብትሆን ጸጥ የምትል ሴት አይደለችም። መኪናውን መሐል መንገድ ላይ ጭቃ ስለያዘው ዳገቱን በእግሯ ወጥታ፣ ከሃምሳ ዓመቷ ወዲህ ያመፀባትን ጉልበቷን እየረገመች ነበር የገባችው።

ሟቹ የሠላሳ አራት ዓመት የድምፅ ባለሙያ ነው። በጠባቧ የቀረጻ ክፍል ወለል ላይ በጎኑ ወድቋል። ከጆሮው በላይ ተመትቷል። አጠገቡ የማይክ ማቆሚያ አለ፤ ከባዱ የብረት እግሩ ደም ነክቶታል። የክፍሉ ግድግዳ በስፖንጅ ተሸፍኗል፣ ጣሪያው ግን ተራ ቆርቆሮ ነው። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተርና አሮጌ የካሴት ማጫወቻ ተቀምጠዋል። የማጫወቻው ክዳን ተከፍቷል፣ ካሴት ግን የለበትም። አጠገቡ ባዶ የካሴት ቤት አለ፤ በእስክሪብቶ «የዘቢደርና የበዳዳ ሠርግ፣ መሪ ሰፈር» ተብሎ ተጽፎበታል።

አስካለች ክፍሏን ሁለት ጊዜ ዞረቻት። ቁጭ ብሎ ማሰብ አይሆንላትም። ባልደረቦቿ «ወፍጮ» ይሏታል፣ ካልዞረች አትፈጭምና።

«ሬድዋን፣ ይህ ምስማር ለምን ባዶ ሆነ?»

ረዳቷ ሳጅን ሬድዋን ቀና ብሎ አየ። ግድግዳው ላይ ሁለት ምስማሮች አሉ፤ በአንዱ የጆሮ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል። «የሚሰቅሉት አጥተው ይሆናላ» አለ።

«ሥሩ ያለውን ስፖንጅ እየው። የክራር ቅርጽ ወጥቶበታል። እዚህ ዓመት ሙሉ ክራር ሲሰቀል ኖሯል።»

ይህችን ሰርቪስ ክፍልና ፊት ለፊቷ ያለውን ቤት ከወይዘሮ ዘቢደር የተከራዩት ባልና ሚስት ናቸው። ገላና ክራር ይጫወታል፣ ያቀናብራል። ዳርቱ ትዘፍናለች። ስምንት ዓመት በሰው ሠርግና በሰው መድረክ ካገለገሉ በኋላ «ዳገት ሪከርድስ» ብለው የራሳቸውን የሙዚቃ ማሳተሚያ አቋቁመዋል። የመጀመሪያው አልበማቸው ዐሥራ አንድ ዘፈን አለው፣ እሑድ ሊወጣ ነበር። የመጨረሻውን ዘፈን ከወንድይራድ ጋር ቀድተው የጨረሱት በዚያው ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

አስካለች ለየብቻ ጠየቀቻቸው።

«ከስቱዲዮ ወጣን፣ ቤት ገባን፣ ሻይ ጠጣን፣ በረዶው ሲጥል በመስኮት አየን፣ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልወጣንም» አለች ዳርቱ። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። እየተናገረች ከመስኮቱ እስከ በሩ ትመላለሳለች።

«ከስቱዲዮ ወጣን፣ ቤት ገባን፣ ሻይ ጠጣን፣ በረዶው ሲጥል በመስኮት አየን፣ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልወጣንም» አለ ገላና በሌላው ክፍል። እሱ ቁጭ ብሏል፣ እግሩ ግን ወለሉን መምታት አላቆመም።

አስካለች ግቢ ወጥታ ማስታወሻዋን ለሬድዋን አሳየችው። «ሚስትህ ትናንት ስንት ሰዓት ገባ ብትባል ምን ትላለች?»

«ሦስት ሰዓት።»

«አንተስ?»

«አንድ ተኩል።»

«አየህ፣ ባልና ሚስት ማለት ይኸ ነው። እነዚህ ግን ሻዩን እንኳ በአንድ ቃል ነው የጠጡት።»

የሁለቱን ውሸት ለመግለጥ ብዙ አልደከመችም። ክራሩ መኝታ ቤት፣ ብርድ ልብስ ሥር ነበር። ከጓሮ ገመድ ላይ ደግሞ አንዲት ነጠላ ብቻዋን ተሰጥታለች፣ ሌላው ያደፈ ልብስ ግን በጎድጓዳ ሳህን እንደተከመረ ነው። የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቡናማ ነገር ቀርቷል። አስካለች አሸተተችው፣ ፈገግም አለች። ሁለቱንም ዕቃ አስመዝግባ አስወሰደች።

ማምሻውን አለቃዋ ደወለ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ዋሽተዋል፣ ደም አጥበዋል። እሰሪያቸው።»

«እስከ ቅዳሜ ቀትር ስጠኝ፣ ጌታው።»

«ቅዳሜ ቀትር ላይ ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ሁለቱም ይገባሉ።»

የጠየቀችው ጊዜ አጭር እንደሆነ ታውቃለች። ግን አንድ ነገር እረፍት ነሥቷታል። ከግቢው ስትወጣ ዳርቱ ተከትላት በሹክሹክታ «ገላናን ልታስሩት ነው?» ብላ ነበር። በሩ ላይ ደግሞ ገላና አድፍጦ ጠብቆ «ዳርቱን ልታስሯት ነው?» አላት። አስካለች በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች። ስለ ራሱ ሳይጠይቅ ስለ ሌላው የሚጠይቅ ግን አልገጠማትም።

ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ዘቢደር ቤት ገባች። ስድሳ የሞላቸው፣ ቀልጣፋ ሴት ናቸው፤ አባታቸውም ባለቤታቸውም ገበሬዎች ነበሩ፣ ከተማው ሳይመጣባቸው በፊት።

«ካሴቱ የርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው፣ እህቴ። አንዱን ዘፈን ከስቱዲዮ ሲወጣ ሰማሁትና ‹ይኼማ የባለቤቴ አክስት የአደ ሎሚ ዘፈን ነው፣ ሠርጌ ላይ የዘፈነችው› አልኩት ወንድይራድን። አላመነኝም። ረቡዕ ካሴቱን አውጥቼ ሰጠሁት። ሰምቶ ራሱን ያዘ።»

«አደ ሎሚ አሉ?»

«አፈር ከበላት ሃያ ዓመቷ። ድምጿ ያለው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነበር፣ እሱም ጠፋ።»

«ዘፈኑን ደረስኩ የሚለው ማን ነው?»

«ፊራኦል ነዋ፣ ኪቦርድ የሚመታው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ለምሳ ይመጣል።»

«ሐሙስ ሰው ሲገባ አላዩም?»

«በሩ ቀን ቀን ክፍት ነው። እኔ ደግሞ ጓሮ ነበርኩ፣ በርበሬ አስጥቼ። በረዶው ድንገት ሲወርድ በርበሬዬን ሳፍስ ምኑን አይቼ።»

«በሙቀጫ ሲወቅጡስ ቀረጻውን አይረብሽም?»

ወይዘሮ ዘቢደር ሳቁ። «መጀመሪያ ሰሞን ስንት ጊዜ ‹እማማ፣ አበላሹብን› ተብያለሁ። አሁን ከበራቸው በላይ ያቺ ቀይ አምፖል ከበራች ዘነዘናዬን እንደያዝኩ ቀጥ እላለሁ። ውሻዬ እንኳ ለምዷል።»

ገላና ስለ አምፖሏ ሲጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ወለሉን መምታት አቆመ። «ወንድይራድ ጥብቅ ነበር» አለ። «ዘፈን በጨረስን ቁጥር ሁላችንንም ያስወጣና ማይኩን ከፍቶ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ይቀዳል። ባዶ ክፍልም የራሱ ድምፅ አለው፣ ዘፈኑን ስንቆራርጥ ክፍተቱን በዚያ ነው የምንሞላው ይላል። ኮምፒውተሩ ደቂቃው ሲሞላ ራሱ ያቆማል፣ አምፖሏም ትጠፋለች። እስከዚያ ማንም በሩን አይነካም።»

አስካለች ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች። መቀመጥ አልሆነላትም። ከ«ዝምታ 1» እስከ «ዝምታ 10» ያሉትን አንድ በአንድ ሰማች። ምንም የለም፤ የሩቅ ወፍና የቆርቆሮ መንጣጣት ብቻ። «ዝምታ 11» ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ የተቀዳ ነው። አርባ አንድ ሰከንድ ያህል እንደሌሎቹ ነበር። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ሁለት ሦስት እርምጃ ተሰማ። ወንድይራድ «እሽሽ» አለ። ወዲያው በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር፣ ደቂቃውም አለቀ።

ሬድዋን ቅር አለው። «ገዳዩ ድምፁን እንኳ አላሰማም።»

«ከዚህ በላይ ምን እንዲያሰማህ ትፈልጋለህ?» አለች አስካለች፣ ወደ በሩ እየሄደች።

ፊራኦልን ያገኙት መገናኛ፣ አንድ ሕንፃ ሥር ያለ ካፌ ውስጥ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ዓይኑ አብጧል፣ ሲያለቅስ ያደረ ይመስላል።

«ሲሪየስሊ፣ ማመን አልቻልኩም» አለ። «ወንዴ እንደ ወንድሜ ነበር።»

«አብረሃቸው ትቀዳለህ?»

«እኔ አያት ሰፈር፣ ቤቴ ሆኜ ኪቦርዴን እሠራና በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ። የኔ በገመድ ነው የሚገባው፣ ማይክ አያስፈልገውም። እነሱ ቤት ለምሳ ነው የምሄደው። ሥራው ሲያልቅ ቁጭ ብለን እንሰማለን።»

«ሐሙስስ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ። ልወጣ ስል ያ በረዶ መጣ፣ ታክሲም ጠፋ። አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆምኩ።»

«ሻይህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል» አለችውና ወጣች። እግረኛው መንገድ ላይ ፕላስቲክ ዘርግታ ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ቆማ አንድ ሻርፕ መረጠች። «ሐሙስ ገበያ እንዴት ነበር?» ስትል ጠየቀቻት።

«ሐሙስ ጥሩ ነበር። እስከ ማታ ሳናነሣ ሸጥን።»

አስካለች ሻርፑን ሳትከራከር ገዛች። ሬድዋን በዚህ ተገረመ፣ ኢንስፔክተሯ ለሎሚ እንኳ የምትከራከር ሴት ናትና።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም በአራት ሰዓት ስቱዲዮ እንዲገኙ አዘዘች። እሷ ቀድማ ገብታ ቀይዋን አምፖል አበራች። ከዚያ በሩን ዘግታ ውስጥ ጠበቀች። ለኮንስታብሉ አጥሩ ጋ እንዲቆምና ምንም እንዳይናገር ነግራዋለች።

መጀመሪያ ወይዘሮ ዘቢደር መጡ። ቀና ብለው አምፖሏን አዩና ደጁ ላይ ቆሙ። ገላናና ዳርቱ ተከተሉ። ሁለት ክንድ ያህል ተራርቀው ነው የመጡት፣ ዓይን ለዓይንም አይተያዩም። እነሱም ቆሙ። አንድም ሰው አላንኳኳም። ሦስቱም ፀሐይ ላይ ትንፋሻቸውን ውጠው ቀሩ።

ፊራኦል ዘግይቶ ደረሰ። «ምነው ደጅ ቆማችሁ?» አለ። ወይዘሮ ዘቢደር ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አልገባውም። በመሐላቸው አልፎ በሩን ከፈተና ገባ።

«ግባ፣ ፊራኦል» አለች አስካለች ከውስጥ። «ሐሙስም እንዲሁ ነው የገባኸው።»

ሁሉም ከገቡ በኋላ «ዝምታ 11»ን አሰማቻቸው። ዳርቱ «እሽሽ» የሚለውን የወንድይራድን ድምፅ ስትሰማ ግድግዳውን ያዘች።

«ከባልና ሚስቱ እንጀምር» አለች አስካለች፣ በጠባቧ ክፍል ወዲያ ወዲህ እያለች። «ክራሩ መኝታ ቤት፣ ብርድ ልብስ ሥር ነበር። ገላና ደብቆት ቢሆን ኖሮ ሞኝ ነው፤ ክራሩ እዚሁ ምስማሩ ላይ ቢሰቀል ማንም አይጠረጥረውም። የደበቀችው ዳርቱ ናት። ለምን? ክራሩን መሬት ላይ፣ ከሬሳው አጠገብ አግኝታዋለች። ባሌ ሲጣላ ነው ክራሩ የወደቀው ብላ አስባለች። ውሸት ነው፣ ዳርቱ?»

ዳርቱ ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም።»

«ነጠላውስ? የዳርቱ ነው። ግን የታጠበው በሙቅ ውሃ ነው፣ ደሙ ጨርቁ ላይ በስሎ ቀርቷል። ደም በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚለቅ የማታውቅ ሴት አላየሁም። ያጠበው ወንድ ነው። ገላና፣ ነጠላውን እዚህ ክፍል ውስጥ ስታገኘው ምን አሰብክ?»

«ዳርቱ ናት አልኩ» አለ ገላና፣ መሬት መሬት እያየ።

«ሁለታችሁም ስለ ካሴቱ ታውቁ ነበር። ወይዘሮ ዘቢደር እንደነገሩኝ ወንድይራድ ሐሙስ ጠዋት ለየብቻ ነግሯችኋል። ፊራኦል ደረስኩ ያለው ዘፈን የተሰረቀ ነው ከተባለ አልበሙ እሑድ አይወጣም። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ፣ የትዳር ጓደኛዬ አልበሙን ለማዳን ሰው ገደለ ብላችሁ አመናችሁ። ከዚያ ‹አብረን ነበርን እንበል› ተባባላችሁ። አንዱ ሐሳቡን ሲያመጣ ሌላው ቶሎ መስማማቱ ጥርጣሬውን አጸናው። እኔንም ሁለት ቀን አባከናችሁኝ።»

ወደ በሩ ሄዳ ተመለሰች።

«የገባው ሰው ማን ነው? አምፖሏ በርታለች። ዳርቱ ብትሆን ንዴቷን ይዛ ደቂቃዋን ትጠብቅ ነበር፣ ገላናም እንዲሁ። ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላዛቸው ደጅ ቆመዋል። ወይዘሮ ዘቢደር ዘነዘና ይዘው ቀጥ የሚሉ ሰው ናቸው። የዚህን ቤት ሥርዓት የማያውቅ አንድ የሙያ ሰው ብቻ አለ፣ እሱም ማይክ የማያስፈልገው።»

«አምፖል ስላላየሁ ነው ነፍሰ ገዳይ የሆንኩት?» አለ ፊራኦል። ሊስቅ ሞከረ። «መገናኛ ነበርኩ አልኳችሁ እኮ።»

«በረዶ ይዞህ።»

«አዎ!»

«ሐሙስ መገናኛ ጠብታ አልወረደም፣ ልጄ። ልባሽ ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግተው እስከ ማታ ሸጠዋል። በረዶው የጣለው እዚህ ዳገት ላይ ብቻ ነው። አንተ እዚህ ስለነበርክ ከተማው ሁሉ የደበደበው መሰለህ። ይህ ከተማ አንዱ ሰፈር ሲዘንብ ሌላው ፀሐይ እንደሚሞቅ ረሳኸው።»

የአስካለች ስልክ ጠራ። ሬድዋን ነበር፣ በፍርድ ቤት ፈቃድ ከሚፈትሸው፣ አያት ሰፈር ካለው የፊራኦል ኮንዶሚኒየም። አዳምጣ «በላስቲክ ጠቅልለህ አምጣው» አለችና ዘጋች።

«ካሴቱ ኪቦርድህ ሳጥን ውስጥ ተገኝቷል። ለምን አላቃጠልከውም?»

ልጁ በዝግታ ቁጢጥ አለ፣ ግድግዳውን ተደግፎ።

«ሌላ ቅጂ የለውም» አለ። «መሪ ሰፈር ነው ያደግኩት። ልጅ ሆኜ ሠርግ ላይ ሰምቻት ነበር። ስደርሰው የራሴ ነው የመሰለኝ፣ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ያን ጊዜ ለሁሉም ሰው አውርቼ ነበር። ልለምነው ነው የመጣሁት። ‹ስሟን ጻፍ፣ በቃ አለቀ› አለኝ። እንደ ቀላል ነገር። ካሴቱን ልቀማው ስል ያዘኝ፣ ታገልን፣ ክራሩ ወደቀ። እኔ… እጄ ላይ የገባውን ነው ያነሣሁት።»

«ለሞተች ድምፅ ያዘንክ፣ ለቆመ ሰው እንዴት ጨከንክ?» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ወጡ።

ኮንስታብሉ ፊራኦልን ይዞት ሄደ። ባልና ሚስቱ ቀሩ። ገላና ሁለቱን ክንድ ተራምዶ ሚስቱ አጠገብ ቆመ፣ እሷም አልራቀችም። ሦስት ቀን ሲፈሩት የነበረው ነገር ሐሰት መሆኑ ገና እየገባቸው ነበር። ዳርቱ ትከሻው ላይ ግንባሯን አሳረፈች።

አስካለች ይህን አይታ መሄድ ፈለገች። ግን ቃላቸው ውሸት እንደሆነ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል፣ መታረም አለበት። ወረቀት አወጣች።

«ወደዚህ ክፍል ቀድሞ የገባው ማን ነው? ስንት ሰዓት ላይ?»

«አሁን ምን ያደርጋል?» አለ ገላና።

አስካለች ከኪሷ ሌላ ወረቀት አውጥታ ያዘችው። ጠዋት ከሐኪሙ የመጣ ነው። ባታነብላቸው ደስ ባላት፤ ግን ፍርድ ቤት መነበቡ አይቀርም። «ወዲያው አልሞተም» አለች። «እስከ ዐሥር ሰዓት ገደማ ሕይወት ነበረው ይላል።»

የዳርቱ ግንባር ከባሏ ትከሻ ላይ ተነሣ። ገላና ፊቷን አየና ቶሎ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ።

«እኔ ነኝ መጀመሪያ የገባሁት» አለ። «በረዶው እንዳባራ። ከግቢው በላይ ያለው ጫካ ውስጥ ስዞር ቆይቼ ስመለስ። እሷ በኋላ ነው የመጣችው፣ አንድ ሰዓት ቆይታ። ያን ጊዜ ሞቶ ነበር። እንዲህ ብለው ይጻፉ።»

አስካለች ብዕሯን አላነሣችም። ገላና ቀድሞ ገብቶ ቢሆን ክራሩን መሬት ላይ ትቶ አይወጣም ነበር፤ ዳርቱም ወድቆ አታገኘውም ነበር። ይህን ሁሉ ታውቃለች።

«በቃ፣ ገላና» አለች ዳርቱ።

«ዳርቱ፣ ተይ።»

«ስምንት ዓመት አብረን ዘፈንን። ይህን ግን ብቻዬን ልበለው።» ወደ አስካለች ዞረች። «ነጠላዬን ልወስድ መጣሁ። ዘጠኝ ከአርባ ይሆናል። ወለሉ ላይ ነበር። ነጠላዬን ረስቼ ክራሩን ብቻ አንሥቼ፣ በሩን ዘግቼበት ወጣሁ።»

«ጎንበስ ብለሽ አላየሽውም? ትንፋሽ ይኑረው አይኑረው?»

«አላየሁትም» አለች ዳርቱ። «እኔ ያየሁት ባሌን ብቻ ነበር።»

አስካለች እንደተባለው ጻፈች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብላ ነበር። ጨርሳ ብዕሩን ለዳርቱ ሰጠቻት፣ ዳርቱም ፈረመች።